የማይቀመጠው አሳላፊ

«ከማዶ ያለሽው መብራትሽ ሲታየኝ፣
እም… እምም… እም… ማን ያሻግረኝ»

ደምሴ ይህን ዘፈን የሚያውቀው እዚህ ድረስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ሙሉ ነው፤ የሁለተኛው ወገብ ግን ከጠፋ ብዙ ዘመኑ። ከማን እንደሰማው ሲጠይቁት አንድ ቀን ፒያሳ ነው ይላል፣ ሌላ ቀን ወደ አዋሳ ይዞት በወረደው የጭነት መኪና ላይ ነው ይላል። የጎደለውን ቦታ ግን ባዶ ትቶት አያውቅም። እንደ ሰዓቱና እንደ እንግዳው ብዛት «ሁለት ፒሳ፣ አንድ ላዛኛ፣ ማን ያሻግረኝ» እያለ ይሞላዋል፤ ዜማውም ምስኪን ነው፣ የጫኑበትን ሁሉ ይሸከማል።

ያን ማክሰኞ ጠዋትም እንዲሁ እያንጎራጎረ ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶችን ያነጥፍ ነበር። ጥቅምት ነው፤ በመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ሕፃን ይመስላል። ጭጋጉ ከላዩ ላይ ቀስ እያለ ይገፈፋል፣ ጥቋቁር ጀልባዎች ከቄጠማው መካከል አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ አንዲት ነጭ ወፍ የረሳችው ነገር እንዳለ ሁሉ ሄዳ ትመለሳለች። እንዲህ ያለውን ጠዋት ያየ ሰው ልቡ ይለሰልሳል። የደምሴም ልብ ይለሰልሳል፤ የሚቆየው ግን የመጀመሪያው እንግዳ በሩን እስኪገፋ ድረስ ብቻ ነው።

ቤቱን የከፈተው ሲኞር ፔፒኖ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፣ ቤቱ የመንግሥት ሆነ፣ ከበሩ በላይ የነበረው ጀልባ የተሳለበት ሰሌዳ ወርዶ በምትኩ ቀይ ሰሌዳ ተሰቀለ። አዲሱ ስም ረጅም ስለነበረ በአንድ ትንፋሽ የጨረሰው ሰው የለም። ከታቦር ተራራ የሚወርደውም፣ ከሐይቅ ዳር የሚመጣውም «ሲኞር ቤት» ማለቱን አልተወም። ከሲኞር ዘመን የቀሩት የጡብ ምድጃውና ምድጃው ፊት የምትቆመው ወይዘሮ እህተማርያም ናቸው፤ ደምሴ ደግሞ አለ።

ደምሴ ከሲኞር የወረሰው አንድ ሕግ ነበረው። እንግዳ ይቀመጣል፣ አሳላፊ ይቆማል፤ ይህ ከተፋለሰ ማን ማንን እንደሚያስተናግድ አይለይም። ሕጉን ሲኞር ራሱ ያን ያህል አልጠበቀውም፤ ከሰዓት በኋላ ከጠጪዎች ጋር ተቀምጦ ካርታ ይጫወት ነበር። ደምሴ ግን እንደ ዳዊት ያዘው። ሃያ ዓመት በዚያ ቤት ሲሠራ ለሌላው ወንበር ሳበ እንጂ ራሱ አንድ ቀን አልተቀመጠም። ምሳውን የሚበላው ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ቆሞ ነው፤ ጠርዙ ያረረ ቁራሽ፣ ከቲማቲም ሳልሳ ድስቱ ሥር የተጠረገበት ዳቦ። አንድ ሙሉ ፒሳ ከፊቱ ቀርቦለት አያውቅም። ሚስቱ አልማዝ ከሞተች ወዲህማ ልማዱ ቤቱም ድረስ ተከትሎት ገባ። ልጁ ትዕግሥት ከድና ያስቀመጠችለትን ራት ክዳኑን ገልጦ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ጎራርሶ ይተኛል።

ራሱ ሁልጊዜ ስለሚቆም ይመስላል፣ የተቀመጠን ሰው ሁሉ ይንቅ ነበር።

ሰውን የሚመዝነው በአቀማመጡ ነው። በወንበሩ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን «ኪሱን አያምነውም» ይለዋል። ተደላድሎ እግሩን ጠረጴዛ ሥር የሚዘረጋውን «ትናንት የተሾመ» ይለዋል። ካኪ ለብሶ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ የሚቀመጠውን ምንም አይለውም፤ ለዚያ ዓይነቱ ዝም ብሎ ውኃ ይቀዳል። አጨብጭቦ ለሚጠራው ጆሮ የለውም፤ «ቦይ» ብሎ ለሚጠራው ደግሞ ዓይንም የለውም። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹም ፒሳውን እንደ እንጀራ እየጠቀለለ ጓደኞቹን ሲያጎርስ ባየ ቁጥር፣ ነውር እንዳየ ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። መምህር በላይነህ የሚባሉ የታሪክ አስተማሪ ደግሞ ዘወትር ማክሰኞ እየመጡ ፒሳቸው ላይ ሚጥሚጣ ይነሰንሳሉ፤ ደምሴ ሚጥሚጣውን የሚያቀርብላቸው በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ እህተማርያም በእሳት አብስላ የሰጠችዎን ለምን ዳግመኛ ያቃጥሉታል ብሏቸው ነበር። መምህሩም ሳቅ ብለው፣ «አንተስ ቀምሰኸው ታውቃለህ እንዴ ደምሴ?» ሲሉት ያልፈሰሰ ውኃ ሊጠርግ ሄደ።

በዚያ ሰሞን ግን ንቀቱ ከሲኞር ቤት ደጃፍ አልፎ ሐይቁ ዳር ድረስ ደርሶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ትዕግሥት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ፊደል ስታስቆጥር፣ አብሯት ከሚያስተምር ፍቅሬ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋደደች። ፍቅሬ አባቱ በሕፃንነቱ የሞቱበት የሲዳማ ልጅ ነው፤ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፣ መረብ እየጣሉ። ቀን ከአጎቱ ጋር ዓሣ ያወጣል፣ ማታ እጁን በሎሚ አሽቶ ያስተምራል። ትዕግሥት ይህን ለአባቷ ስትነግረው ዘፈን የምትዘፍን ነበር የምትመስለው፤ ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የፍቅሬን ታጋሽነት፣ የአጎቱን ደግነት፣ ጎሕ ሲቀድ ጀልባው ላይ ቆሞ የሚታየውን ጥላ ሁሉ ነገረችው። ደምሴ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማው «ዓሣ» የሚለውን ብቻ ነው።

«አዋሳ ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ የቆመ ወንድ ጠፋና ከመረብ ውስጥ ባል ልታወጪ ነው?» አላት።

ትዕግሥት አላለቀሰችም። እንደ ሌሎቹ ኮብልላ እንደማትሄድ፣ ፍቅሬ በወጉ ሽማግሌ እንደሚልክ፣ አባቷ እምቢ ካለም እንደምትቀር ነገረችው። «ግን አባዬ፣» አለች፣ «እምቢታህን በኔ አትላክ። ዓይናቸውን እያየህ አንተው ንገራቸው።»

ደምሴ እምቢ ማለት የሚቸግረው ሰው አይደለም። የቸገረው ሌላ ነው፤ ልጁ ቃሏን እንደምትጠብቅ ያውቃል። እምቢ ካለ ትቀራለች፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ራቱን ከድና፣ ከዓመት ዓመት እያጠረ በሚሄድ ድምፅ «ደኅና እደር» እያለችው ትቀራለች። እሺ ካለ ደግሞ የሲኞር ቤቱ ደምሴ፣ ሹማምንትን በአቀማመጣቸው የሚገምተው ደምሴ፣ ከዓሣ አውጪ ጋር አማች ሊባል ነው። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ አገኘ። ቤቱ ያልተገኘ አባት አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀ አባት ደግሞ እምቢ አላለም። የእሑዱንም፣ የበዓሉንም፣ የታመመውንም አሳላፊ ተራ ሁሉ እየወሰደ ከቤቱ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው አጥሩን አይተው ተመለሱ። ትዕግሥት ቅር መሰኘቷን በዝምታ አሳየችው እንጂ አንድ ነገር አላጎደለችበትም፤ ማታ ማታ ቆሞ የዋለ እግሩን የሚነክርበትን ጨው የተጨመረበት ሙቅ ውኃ፣ እንደ ድሮው፣ ሳትናገር አምጥታ እግሩ ሥር ታኖርለታለች።

የዚያን ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ለፒሳው የሚሆነው አይብ፣ ፎርማጆው፣ ከአዲስ አበባ የገባው ገና በዋዜማው ስለሆነ ወሬውን የሰማ ሁሉ መጥቷል። መምህር በላይነህ ሚጥሚጣቸውን ይዘዋል፣ ሒሳብ ሹሙ ያጎርሳል፣ አንዱ ጥግ ላይ ያጨበጭባል፣ ደምሴ አይሰማም። በዚህ መካከል ሦስት ሽማግሌዎች በዋናው በር ገቡ።

ከሦስቱ ደምሴ የሚያውቃቸው አቶ ኑሪን ብቻ ነው፤ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጥልፍ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስሉ፣ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ አጥፈው የያዙ አዛውንት ነበሩ፤ ስማቸው ወልደአማኑኤል መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። ሦስተኛው ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ አዲስ ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ፊታቸውን ፀሐይና ውኃ ተባብረው የቀረጹት ይመስላል። ደምሴ አንድ ጊዜ ገርመም አድርጎ ፈረደ፤ ኑሪ ከገጠር እንግዳ መጥቶበት ፒሳ ሊያሳያቸው ነው አለ በሆዱ።

በሐይቁ በኩል ያለውን ጠረጴዛ አሳያቸው፣ ሦስት ወንበር ሳበላቸው፣ ተቀመጡ አላቸው።

«ይቆየን፣» አሉ ባለ ጃንጥላው። «እንቆማለን።»

ደምሴ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለውን ብዙ አይቷል፤ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ አልጋ የሚመስለው፣ ወንበሩን በእጁ ዳብሶ የሚፈራ። ይለመዳል አባቶቼ፣ ወንበር አይናከስም ብሎ ትቷቸው ሄደ። ወደ ማድ ቤቱ ብቅ ብሎም፣ «እህተማርያም፣ ሦስት ባላገር መጥቶልሻል። ጨርቅ ፈርተው እንደ ዋርካ ቆመዋል» አላት።

እህተማርያም ዱቄት የነካ ክንዷን በሽርጧ ጠርጋ በበሩ ስንጥቅ አየች። ቆየት ብላ አየች። ከዚያ ወደ ደምሴ ዞራ፣ «ሦስት ሽማግሌ አንድ ሰው ፊት ቆሞ አልቀመጥም የሚለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ወንበር ሲፈራ ነዋ።»

«እሺ በል፤ ሂድ እንግዲህ» አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ከኋላ አይለይም።

ደምሴ የምግብ ዝርዝሩን ይዞላቸው ሄደ። አቶ ኑሪ ተቀበሉት፣ አገላብጠው አዩት፣ አመስግነው መለሱለት፤ አልተቀመጡም። ውኃ አመጣላቸው፤ ቆመው ጠጡ፣ አልተቀመጡም። ሰው እነሱን ለማለፍ ወገቡን እያጠፈ ይሄዳል። ይህን ያየው የቤቱ ኃላፊ ጓድ ሙሉጌታ ከቢሮው ወጥቶ ደምሴን በክንዱ ሳበው። ሦስት ሰው ተሰልፎ መቆሙ ደስ አላለውም፤ አቤቱታ ከሆነ ቀበሌ ይሂዱ፣ ምሳ ከሆነ ይቀመጡ፣ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይነገረኝ አለ። ጊዜው ሰው ያለ ምክንያት መቆሙ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር።

ደምሴ ለመጨረሻ ጊዜ ሄዶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ የቤቱን ሥራ እያወኩ መሆኑን ነገራቸው።

ያኔ አቶ ወልደአማኑኤል ጃንጥላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «አቶ ደምሴ፣» አሉ፣ «እኛ የምንቀመጠው እርስዎ ተቀምጠው ከሰሙን በኋላ ነው። የመጣነው ለምሳ አይደለም። ለልጅዎ ለትዕግሥት ነው የመጣነው።»

ደምሴ ትሪ ይዞ ነበር፤ ትሪው ላይ የነበሩት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ተነካክተው አንድ ቀጭን ድምፅ ሰጡ። ያን ድምፅ ቤቱ ሁሉ ሰማው። ሒሳብ ሹሙ ሊያጎርስ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ ቤት አለኝ፣» አለ ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ምግብ ቤት ድረስ ሽማግሌ ይልካል?»

«ቤትዎንማ እናውቀዋለን፣» አሉ አቶ ኑሪ፣ በጨርቅ ሻጭ ለስላሳ ድምፅ። «ሁለቴ አጥርዎን ተደግፈን ውለናል። የጎረቤትዎ ውሻ እንኳ መጮኹን ትቶ እግራችን ሥር መተኛት ጀምሯል።»

ከየጠረጴዛው የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ደምሴ ጆሮው ጋለ። ሃያ ዓመት በእነዚህ ሰዎች ሲስቅ ኖሮ፣ አሁን እነሱ ሹካቸውን እያስቀመጡ ወደሱ ዞሩ። ከዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ግን አንድ መውጫ ታየው። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ቃሉን የሚጥለው የልጅቱ አባት ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቀመጥም። ሥራ ላይ ነኝ፣ አሳላፊ በሥራው ላይ አይቀመጥም፣ የቤቱ ሕግ ነው አላቸው። አቶ ወልደአማኑኤልም የሰውን ሕግ እንደሚያከብሩ፣ የእነሱም ወግ ሕግ እንደሆነ፣ ስለዚህ ቆመው እንደሚጠብቁ በትሕትና ነገሩት።

«ጠብቁ፣» አለ ደምሴ፤ ትሪውን ከፍ አድርጎ ሄደ።

እንደዚያን ቀን ያለ መስተንግዶ ሲኞር ቤት ታይቶ አይታወቅም። ደምሴ እንደ ሽመል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያልታዘዘ ውኃ ይቀዳል፣ ላጨበጨበው ሁሉ እንኳ ሮጦ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹን የሚያልፋቸው ምሰሶ እንደሚያልፍ ነው። ቤቱ ግን ምሳውን ትቶ ጉባኤ ሆኗል። ሒሳብ ሹሙ፣ እሺ በላቸውና ፒሳችን ሳይቀዘቅዝ እንብላ አለ። መምህር በላይነህ ከወንበራቸው ተነሥተው ወንበሩን ወደ ደምሴ ገፋ አደረጉና፣ እኔ እቆምልሃለሁ አሉት። ጓድ ሙሉጌታ ነገሩ የጋብቻ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ በርቶ፣ ለአምስት ደቂቃ እንዲቀመጥ በይፋ እንደፈቀደለት አስታወቀ።

«ሕጉ አይፈቅድም፣» አለ ደምሴ።

«የቤቱ ኃላፊ እኮ እኔ ነኝ።»

«ሕጉ ከርስዎ በፊት የነበረ ነው፣ ጓድ ሙሉጌታ።»

ይህን ሲል የሳቀ የለም። ጓድ ሙሉጌታም የሰማ እንዳይመስል ወደ ቢሮው ገባ።

ደምሴ ግን ከራሱ ንግግር ልብ አገኘ። ትሪውን ደረቱ ላይ ይዞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና ከሦስቱ የልጁ ዘመድ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ረጅሙ ሰውዬ ከዘራቸውን አንድ እርምጃ ወደፊት አደረጉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከውኃ ውስጥ እንደሚያወጡ አድርገው ነው የሚናገሩት።

«እኔ ነኝ። አጎቱ ኩማ። ዓሣውን በጓሮ የማመጣልዎ።»

ደምሴ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ያየው። ስንት ዓመት በጓሮው በር ዓሣ ሲቀበላቸው ያየው ቅርጫቱን ነው፤ ከቅርጫቱ በላይ ፊት መኖሩ አሳስቦት አያውቅም። ማፈር የሚገባው ሰዓት ነበር። እሱ ግን ማፈሩን ወደ ንቀት ለወጠው፤ ያን ያህል ጊዜ የለመደው እሱን ስለሆነ ቀለለው።

«ታዲያ እንደ ልማድዎ በጓሮ ቢመጡ ምን ነበረበት?»

መምህር በላይነህ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አቶ ኩማ ግን አልተቆጡም። «ለዓሣ በጓሮ እመጣለሁ፣» አሉ። «ለልጅ ሲሆን ግን በጓሮ አልመጣም። የርስዎም ልጅ በጓሮ የምትጠየቅ አይደለችም።»

ደምሴ ማድ ቤት ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያም እንደ ልማዱ በበሩ ስንጥቅ ወደ እንግዶቹ አየ።

የምሳው ሰው መሳሳት ጀምሯል። ሽማግሌዎቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ነጩን ጠረጴዛ እጃቸውን ሳያስነኩ፣ ከሦስቱ ባዶ ወንበሮች ጀርባ። አቶ ኩማ የግራ ተረከዛቸውን ከመሬት ሳብ አድርገው ክብደታቸውን በቀኝ እግራቸው ላይ ጣሉ። ቆየት ብለው ቀኙን አሳረፉ፣ ግራውን ጫኑ። ጉልበታቸውን ሰው በማያየው መጠን ብቻ ሰበር ያደርጋሉ። ወገባቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው፤ ከደረታቸው በላይ የሚያያቸው ሰው ደክመዋል አይልም።

ደምሴ ያን አቋቋም ያውቀዋል። የራሱ ነው። የሰውን አቀማመጥ ሲያጠና ሃያ ዓመት ኖረ፤ የሰውን አቋቋም ግን አይቶ አያውቅም ነበር። ይህ ሰው ቆሞ ነው ያረጀው፤ እሱ ምንጣፍ ላይ፣ ሰውየው የምትናወጥ ጀልባ ላይ። ማታ እግራቸውን ምን ውስጥ ይነክሩ ይሆን? ማን ነው ውኃ የሚያሞቅላቸው? ይህን ሲያስብ የሙቅ ውኃው እንፋሎት፣ የትዕግሥት ያጎነበሰ አንገት፣ ጨዉን በመዳፏ እየበተነች የምታማስልበት ቀስ ያለ እጇ ዓይኑ ላይ መጡበት። ተናዳበትም አንድ ቀን ውኃው ቀዝቅዞ አያውቅም።

«አሁንስ ደከመህ ወይስ ገና ነህ?» አለች እህተማርያም ከኋላው።

ከምድጃው አንድ ፒሳ በረጅሙ የእንጨት አካፋ አወጣች፣ ሳህን ላይ አንሸራትታ አኖረችው፣ ሳህኑን ይዛ በእሱ አጠገብ አልፋ ወደ አዳራሹ ወጣች። ከምድጃዋ ፊት ተነሥታ እንግዳ ወዳለበት ስትወጣ ያያት ሰው አልነበረም። ፀጉሯ ላይ ዱቄት፣ ጉንጯ ላይ ጥቀርሻ እንዳለ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣች፤ ሳህኑንም ባዶ ወንበሮቹ ፊት አስቀመጠች።

ደምሴ ተከትሏት ወጣ። ይህን ያዘዘ ሰው የለም አላት።

«ያንተ ነው፣» አለችው፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አበላሁ ትላለህ፤ ሚጥሚጣ ነሰነሰ፣ ጠቀለለ፣ አጎረሰ እያልክ ስታማ ኖርክ። የተቀመጠው ቢያንስ በልቶ ነው የሄደው። አንተ ምን በልተህ ነው የምትንቀው? ተቀመጥ ደምሴ። ልጅህን ቆመህ አትዳር፤ ቆመህም አታስቀራት።»

ደምሴ መምህር በላይነህ የገፉለትን ወንበር አየ። በእጁ ስንት ሺህ ጊዜ የሳበው ወንበር ነው፤ ለራሱ ሲስበው ግን እጁ የማያውቀው ክብደት ነበረው። ተቀመጠ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ከፍ አለበት። ጣሪያው ራቀ፣ ሰዎቹ ረዘሙ። ሐይቁም ሌላ ሐይቅ ሆነ፤ ቆሞ ሲያየው እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ከበታቹ የነበረው ውኃ አሁን ከዓይኑ እኩል መጥቶ፣ ፀሐይን በትናንሽ ቁራጭ እየሰበረ ወደሱ ይመጣል። በላዩ ላይ አንድ ጀልባ አለ፤ አንድ ሰው ቆሞበታል። ከዚህ ሆኖ ሲያዩት ሰውየው ትንሽ አልነበረም።

አቶ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከልጁ አያት ጀምረው፣ የፍቅሬን አስተዳደግ፣ የቤተሰቡን ስም፣ ያላቸውንና የሌላቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። በመጨረሻም ልጅዎን ትዕግሥትን ለልጃችን ለፍቅሬ እንዲሰጡን በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን ብለው ዝቅ አሉ። አቶ ኑሪ በበኩላቸው አላህን ጠሩ። አቶ ኩማ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ።

ደምሴ አሁንም አንድ በር እንዳለው ያውቃል። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ከዘመድ ልማከር ብሎ ቀጠሮ መስጠት ወግ ነው፤ ከቀጠሮ ቀጠሮ ደግሞ ዓመት መግፋት ይቻላል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የአቶ ኩማ ግራ ተረከዝ ግን እንደገና ከመሬት ብድግ አለ።

«ተቀመጡ፣» አለ ደምሴ።

አልተቀመጡም። አቶ ኩማ ትክ ብለው አዩት። «እንዴት አድርገው ነው የሚያስቀምጡን? እንደ እንግዳ ነው እንደ ዘመድ?»

ደምሴ አፍንጫውን ነፋ፣ ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ጣለ፤ ፊቱ ንቀቱን በአንድ ቀን ሊተው አልቻለም።

«ዘመድማ ባትሆኑ እንዲህ ታደርቁኝ ነበር?» አለ።

ሦስቱ ወንበሮች ተንቋቁ። ሒሳብ ሹሙ አጨበጨበ፤ ያን ጊዜ ግን ማንንም ለመጥራት አልነበረም። አቶ ኩማ ሲቀመጡ ከጉልበታቸው አንድ ትንሽ ድምፅ ወጣ፤ ደምሴ ሰምቶ ያልሰማ መሰለ። አቶ ወልደአማኑኤል መረቁ፣ አቶ ኑሪ መረቁ። አቶ ኑሪ በዚያው ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው ሥጋ እንዳለበት ጠየቁ፤ እህተማርያም ቲማቲምና ፎርማጆ ብቻ መሆኑን ነግራ አረጋጋቻቸው። ከዚያ ወዲያ ግን እጁን የሰደደ የለም። ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነበር።

ደምሴ ከጫፉ አንድ ቁራጭ አነሣ። ፎርማጆው ከሳህኑ አልላቀቅ ብሎ እንደ ክር ተሳበ፤ በጣቱ በጠሰውና ጎረሰ። ለረጅም ጊዜ አላመጠ። መምህር በላይነህ ወደፊት አዘነበሉ። እህተማርያም እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ ቆማ ታየዋለች።

«ጨው አንሶታል፣» አለ ደምሴ።

ከዚያም ሳህኑን ወደ አቶ ኩማ ገፋ አደረገው፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ፣ እጁንም ወደ ሁለተኛው ቁራጭ ሰደደ።